ፋጉሎና ፉርሽካ ወደ ውጭ ለመላክ፦ ቀረጡን ደረጃ በደረጃ እንዴት እናውቃለን?

የዘይት መጭመቂያ ግቢ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ኑጉ ከላይ ይገባል። ዘይቱ ከታች ይወርዳል። ከማሽኑ አፍ ደግሞ እንደ ተሰባበረ ምጣድ ጥቁር ቁርጥራጭ እየተገፋ ይወጣል። ትኩስ ነው፣ እጅ ያቃጥላል። ፋጉሎ ማለት እሱ ነው። አንድ ዘመዴ ከክምሩ ላይ እፍኝ አንስቶ "ይሄን ዱባይ ብልከው ቀረጡ ስንት ነው?" አለኝ።

"ምን ብለህ ነው የምትልከው?" አልኩት።

"ፋጉሎ ነዋ!" አለኝ፣ እንደ ሞኝ እያየኝ።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ጉምሩክ ፋጉሎ የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው ቁጥር ነው። ቁጥሩን የሚወስነው ደግሞ እኛ ያወጣነው ስም አይደለም፣ ዕቃው ውስጥ ያለው ነገር ነው። ስንት ዘይት ቀረበት? ስታርቹ ስንት ነው? አመዱስ (ዕቃው ሲቃጠል የሚቀረውስ)? እርጥበቱስ? በትራንዚት ሥራ ካየሁት፣ በተረፈ ምርት ንግድ ሰው የሚከስረው ቀረጡ ስለከበደ ብቻ አይደለም። እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልስ ወረቀት ሳይዝ ስለሚጭን ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ልንገራችሁ። ቀኑም፣ ወሩም፣ ዓመተ ምሕረቱም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አንደኛ፦ ቁጥሩን ፈልጉ

ዓለም የሚጠቀምበት የዕቃ መለያ ሀርሞናይዝድ ሲስተም ይባላል። በእኛ ሠፈር "ኤች ኤስ ኮድ" ነው የምንለው። ሥራ ላይ የዋለው በ1988 ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች በሁሉም አባል አገር አንድ ናቸው። ከስድስቱ በኋላ እያንዳንዱ አገር የራሱን ይጨምራል። የእኛ የታሪፍ መጽሐፍ ስምንት ድረስ ይሄዳል።

አብዛኛው ተረፈ ምርት ያለው ምዕራፍ 23 ውስጥ ነው። ለእኛ ነጋዴ የሚጠቅሙት እነዚህ ናቸው፦

23.02 – ፉርሽካ፣ ፉርሽኬሎ እና ሌላ የእህልና የጥራጥሬ ወፍጮ ተረፈ ምርት። የስንዴው 2302.30 ነው።
23.03 – የስታርች ፋብሪካ ተረፈ ምርት፣ የሸንኮራ አገዳ ባጋስ (ጭማቂው የወጣለት አገዳ)፣ የቢራ ፋብሪካ ብቅል ተረፈ ምርት። አዎ፣ አተላም ኮድ አለው፦ 2303.30።
23.04 – የአኩሪ አተር ፋጉሎ።
23.05 – የለውዝ ፋጉሎ።
23.06 – የሌላ የቅባት እህል ፋጉሎ። የጥጥ ፍሬ 2306.10፣ የተልባ 2306.20፣ የሱፍ አበባ (ሰንፍላወር) 2306.30። ኑግና ሰሊጥ የራሳቸው መስመር ስለሌላቸው "ሌሎች" ውስጥ ይገባሉ፦ 2306.90።
23.09 – ተቀላቅሎ የተዘጋጀ መኖ።

የመጨረሻውን ልብ በሉ። ፋጉሎውን ከፉርሽካና ከጨው ጋር ቀላቅላችሁ በከረጢት ካሸጋችሁት ተረፈ ምርት መሆኑ ያበቃል፣ የተዘጋጀ መኖ ይሆናል። ቀረጡም ይቀየራል። ብዙ አገሮች ጥሬውን በርካሽ ያስገቡና የተቀነባበረው ላይ ይጨምራሉ። የራሳቸውን ፋብሪካ ለመጠበቅ ነው።

ከምዕራፍ 23 ውጭ ያሉም አሉ። ሞላሰስ ያለው ከስኳር ጋር ነው፣ 17.03። የቡና ገለፈት ደግሞ ከራሱ ከቡናው ጋር 0901.90 ላይ ተቀምጧል። እኛ አገር ገለፈት አንዳንዱ ጋ ማገዶ ነው፣ አንዳንዱ ጋ ቆሻሻ ነው። ሐረር ላይ ግን አፍልተው ይጠጡታል። የየመን ሰዎችም ቂሽር ብለው ከዝንጅብል ጋር ያፈሉታል። አውሮፓ ይህንን ለመቀበል ረጅም ጊዜ ወስዶበታል። የደረቀው የቡና ገለፈት፣ "ካስካራ" የሚሉት፣ ለመጠጥነት እንዲገባ የፈቀዱት በጥር 2022 ነው። ቀረጡ ቀድሞም ዜሮ ነበር። በሩን ዘግቶት የኖረው የምግብ ሕጉ ነው። ይህን ምሳሌ ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛ፦ ዕቃውን ላቦራቶሪ ውሰዱ

ሰዎች ይህን ደረጃ መጨረሻ ላይ ያደርጉታል። ዕቃው ከመጫኑ በፊት መሆን አለበት።

አንድ ጊዜ ፉርሽኬሎ ያስጫንኩለት ደንበኛ ነበረኝ። ደቀቅ ያለ፣ ነጣ ያለ፣ ዱቄት ሊመስል ትንሽ የቀረው ነው። ዶክመንቱ ላይ "የስንዴ ፉርሽካ" ብለን 2302.30 ጻፍን። መድረሻው ላይ ያለው የጉምሩክ ሰው ከረጢቱን ቀድዶ በእጁ አሸው። "ይሄማ ዱቄት ነው" አለ። ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ እስኪመጣ ኮንቴይነሩ 11 ቀን ወደብ ላይ ቆመ። በመጨረሻ ፉርሽካ መሆኑ ተረጋገጠ። የቆመበትን ግን ከፈልን። አንድ ገጽ የላቦራቶሪ ውጤት አብሮ ቢላክ ኖሮ ነገሩ በዚያው ቀን ያልቅ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ ደንበኛዬን "አያስፈልግም" ያልኩት እኔ ነኝ።

ዱቄትና ፉርሽካ የሚለዩበት መስፈርት በግልጽ ተጽፏል። የሀርሞናይዝድ ሲስተሙ ምዕራፍ 11 ማስታወሻ ላይ ታገኙታላችሁ። የስንዴ ወፍጮ ውጤት በደረቅ ክብደት ስታርቹ ከ45 ከመቶ በላይ፣ አመዱ ደግሞ ከ2.5 ከመቶ ያልበለጠ ከሆነ ምዕራፍ 11 ውስጥ ይቆጠራል፣ ማለትም ከዱቄቱ ወገን ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ካላሟላ ወደ 23.02 ይሄዳል። ለበቆሎና ለማሽላ የአመዱ ጣሪያ 2 ከመቶ ነው፣ ለገብስ 3፣ ለሩዝ 1.6። ገለፈት ሲበዛ አመድ ይበዛል። ስለዚህ አመዱ ስንት እንደሆነ ካወቃችሁ ክርክሩን ግማሹን አሸንፋችኋል።

ለፋጉሎ ደግሞ አራት ነገር አስመርምሩ፦ ዘይት፣ እርጥበት፣ ፕሮቲን፣ አፍላቶክሲን (የሻጋታ መርዝ)። ፕሮቲኑ ዋጋችሁን ይወስናል፣ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። የሦስቱን ምክንያት ወደ ታች ታዩታላችሁ። ላቦራቶሪው ዕውቅና ያለው ይሁን። ከክምሩ አናት ላይ ብቻ አትዝገኑ፣ ከብዙ ከረጢት ከመሐል ውሰዱ።

አውሮፓ የምትልኩ ከሆነ አንድ ጥሩ መንገድ አለ። ገዢያችሁ ለአገሩ ጉምሩክ ጽፎ "ይህ ዕቃ የትኛው ኮድ ነው?" ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ይችላል። የሚሰጠው ውሳኔ አስገዳጅ ነው፣ በመላው ኅብረት ለሦስት ዓመት ያገለግላል። ወራት ሊወስድ ስለሚችል ዕቃ ከመጫናችሁ ብዙ ቀድማችሁ አስጀምሩት።

ሦስተኛ፦ ቀረጡ በመቶኛ ነው ወይስ በቶን?

ይህችን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ተረፈ ምርት ላይ ግን ከሁሉም የምትከብደው እሷ ናት።

በመቶኛ የሚጣል ቀረጥ ዕቃው ሲረክስ አብሮ ይወርዳል። በቶን የሚጣለው አይወርድም። የአውሮፓ ኅብረትን የስንዴ ፉርሽካ ታሪፍ እንይ። ስታርቹ ከ28 ከመቶ ያልበለጠና የወንፊቱን መስፈርት (በወንፊት የሚያልፈው ደቃቁ ምን ያህል ነው የሚለውን) ያሟላ ከሆነ በቶን 44 ዩሮ ነው። ያላሟላው 89 ዩሮ። አሁን ፉርሽካው በቶን 150 ዩሮ ይሸጣል እንበል። 44 ዩሮ ማለት ወደ 29 ከመቶ ነው። 89 ዩሮ ማለት ደግሞ 59 ከመቶ ገደማ። ዱቄት ነው ከተባለ ታሪፉ በቶን 172 ዩሮ ነው፣ ከዕቃው ዋጋ በላይ ማለት ነው። የዕቃው መልክ ያው ነው። ልዩነቱን ያመጣው የላቦራቶሪው ወረቀት ነው።

በአንጻሩ ፋጉሎ እዚያው አውሮፓ ውስጥ በአብዛኛው ቀረጥ የለበትም። የራሳቸው ከብትና ዶሮ ይፈልገዋላ።

ታሪፉን ከሰው አፍ አትስሙ። ለአውሮፓ ኅብረት "ታሪክ" የሚባል የመረጃ ቋት አለ፣ ያለፈ ታሪክ ሳይሆን የዛሬ ታሪፍ ነው የሚነግራችሁ። ለሌላው ዓለም የዓለም አቀፉ የንግድ ማዕከል "ማርኬት አክሰስ ማፕ" የሚባለው ድረ ገጽ አለ። ላኪ አገር፣ ተቀባይ አገር፣ ኮድ ትሞላላችሁ፣ መደበኛውንም የቅናሹንም ታሪፍ ያወጣላችኋል።

አራተኛ፦ ነፃ መግቢያ አላችሁ? ካላችሁስ ማስረጃው?

ኢትዮጵያ በተባበሩት መንግሥታት ዝርዝር በዝቅተኛ ደረጃ ያደጉ አገሮች ውስጥ ናት። ስሙ ደስ አይልም፣ ለቀረጥ ግን ይጠቅማል።

አውሮፓ ኅብረት፦ ከ2001 ጀምሮ ከጦር መሣሪያ በቀር ሁሉም ዕቃ ያለ ቀረጥና ያለ ኮታ ይገባል። ያ 44 ዩሮ፣ ያ 89 ዩሮ ለኢትዮጵያ ፉርሽካ ዜሮ ይሆናል። 20 ቶን ብትልኩ 880 ወይም 1,780 ዩሮ ማለት ነው። ይህ ግን በራሱ አይመጣም። የስሪት አገር ማስረጃ ያስፈልጋል። በአውሮፓ ኅብረት በኩል የድሮው "ፎርም ኤ" ቀርቶ "ሬክስ" የሚባል የላኪዎች ምዝገባ ተተክቷል። የተመዘገበ ላኪ ኢንቮይሱ ላይ መግለጫውን ራሱ ይጽፋል። የዕቃው ዋጋ ከ6,000 ዩሮ ካልበለጠ ሳይመዘገቡም መጻፍ ይቻላል። ለመጀመሪያ ሙከራ ጭነት ይህች ጥሩ ቀዳዳ ናት።

አንድ ወጥመድ አለ። ፉርሽካው የወጣው ከውጭ ከገባ ስንዴ ከሆነስ? ወፍጮው ኢትዮጵያ ውስጥ መሆኑ ብቻ ሁልጊዜ አይበቃም። የሄዳችሁበት አገር የስሪት አገር ደንብ ይወስነዋል። ስለዚህ የስንዴውን የግዢ ደረሰኝ ከዱቄት ፋብሪካው ተቀበሉና አስቀምጡ። ሁለት ዓይነት ስንዴ የሚፈጭ ፋብሪካ ከሆነ ክምሩን እንዲለይላችሁ ተዋዋሉ።

ቻይና፦ ከታኅሣሥ 1 ቀን 2024 ጀምሮ የዲፕሎማሲ ግንኙነት ላላቸው በዝቅተኛ ደረጃ ላደጉ አገሮች ሁሉንም የታሪፍ መስመር ዜሮ አድርጋለች። ሰው ይህን ሲሰማ ይዘልላል። ቀስ በሉ። መኖ ነክ ዕቃ ቻይና የሚገባው ለዚያ ዕቃ በሁለቱ መንግሥታት መካከል የኳራንቲን (የጤና ቁጥጥር) ስምምነት ካለና ፋብሪካው ከተመዘገበ ነው። ታሪፉ ዜሮ ነው፣ በሩ ግን ሌላ ቁልፍ አለው።

አሜሪካ፦ ኢትዮጵያ ከአጎአ (አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከምትሰጠው ከቀረጥ ነፃ ዕድል) የወጣችው ጥር 1 ቀን 2022 ነው። ከሚያዝያ 2025 ወዲህ ደግሞ የአሜሪካ ታሪፍ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። ውል በምትፈርሙበት ቀን ያለውን ማየት እንጂ ያለፈውን ወር ማመን አይሠራም።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች፦ ከ2003 ጀምሮ የጋራ የጉምሩክ ኅብረት አላቸው። መደበኛው ቀረጥ 5 ከመቶ ነው፣ ነፃ የተደረጉ መስመሮችም አሉ። ለዘመዴ ጥያቄ ትክክለኛው መነሻ ይህ ነው።

አምስተኛ፦ ከአገር ለመውጣት ይፈቀዳል?

የውጭውን ታሪፍ ስናጠና የራሳችንን በር እንረሳለን። ተረፈ ምርት የከብት መኖ ነው። መኖ ሲወደድ ወተት ይወደዳል፣ ወተት ሲወደድ መንግሥት ይነቃል። ይህ የየትም አገር ጠባይ ነው። ህንድ በሐምሌ 2023 ዘይቱ የወጣለትን የሩዝ ብራን ወደ ውጭ እንዳይላክ ከለከለች። ክልከላው ከሁለት ዓመት በላይ ቆየ። ምክንያቷ የመኖ ዋጋ ነበር። በአኩሪ አተር ፋጉሎ ንግድ የዓለም መሪ የሆነችው አርጀንቲና ደግሞ ከአገር በሚወጣው ላይ ቀረጥ ትጥላለች፣ እስከ 2025 መጀመሪያ 31 ከመቶ ነበር።

ስለዚህ ገዢ ከመፈለጋችሁ በፊት ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ሄዳችሁ ለዚያ ዕቃ የላኪነት ፈቃድ መኖሩን፣ ገደብ ካለም ገደቡን በጽሑፍ ያዙ። የቃል መልስ ሚሌ ኬላ ላይ አይሠራም። ገለፈት ከሆነ ቡናና ሻይ ባለሥልጣንን ጨምሩ። የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ከግብርና ባለሥልጣን ነው። ከዚያ የሽያጭ ውሉን ባንካችሁ ዘንድ ታስመዘግባላችሁ። ገንዘቡ በባንክ መግባት አለበት። ቀሪውን ትራንዚተራችሁ ያውቀዋል፣ አላደክማችሁም።

ስድስተኛ፦ ቀረጥ ያልሆነው ቀረጥ

ካስካራውን አስታወሳችሁ? ታሪፉ ዜሮ ሆኖ በሩ የተዘጋው? ፋጉሎ ላይ ያንን ሚና የሚጫወተው አፍላቶክሲን ነው፣ ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ።

በ2016 የታተመ፣ በአዲስ አበባና አካባቢዋ የወተት ላሞች መኖ ላይ የተሠራ ጥናት አለ። የተመረመረው መኖ ሁሉ አፍላቶክሲን ቢ1 ተገኝቶበታል፣ በኪሎ ከ7 እስከ 419 ማይክሮግራም። ዋናው ምንጭ ተብሎ የተጠቆመው የኑግ ፋጉሎ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ለመኖ ጥሬ ዕቃ የሚፈቅደው ጣሪያ 20 ነው። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የሚገርመው፣ የኑግ ፋጉሎ የአውሮፓ ኅብረት የመኖ ጥሬ ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ በስሙ ተጽፏል። ያውቁታል፣ ይፈልጉታል። ንጹሑን ነው የሚፈልጉት።

መፍትሔው ማሽኑ ጋ አይደለም፣ መጋዘኑ ጋ ነው። ኑጉ እርጥብ ሆኖ ከተከመረ ነገሩ አብቅቷል። ሲሚንቶ ወለል ላይ በቀጥታ አታስቀምጡ፣ ከሥሩ እንጨት ይግባበት፣ ከግድግዳ ራቅ ይበል። ፋጉሎውም ሳይቀዘቅዝ ከረጢት ውስጥ አይግባ። ትኩሱን ካሸጋችሁት እንፋሎቱ ወደ ውሃ ይቀየራል፣ ሻጋታው ከዚያ ይጀምራል።

ሁለተኛው ጉዳይ እሳት ነው። አልቀለድኩም። ዘይት የቀረበት ፋጉሎ ክምር ውስጥ ራሱን በራሱ ያሞቃል። ስለዚህ በባሕር ጉዞ ደንብ አደገኛ ጭነት ተብሎ ተመዝግቧል። ዘይቱ ከ1.5 ከመቶ በላይ፣ እርጥበቱ እስከ 11 ከመቶ ያለው ፋጉሎ የአደገኛ ጭነት መለያ ቁጥሩ ዩኤን 1386 ነው። ዘይቱ 1.5 እና ከዚያ በታች የሆነው ዩኤን 2217። ዘይቱ ከ10 ከመቶ ካለፈ ደግሞ በጣም ጥብቅ ወደሆነው ክፍል ይገባል። የእኛ መጭመቂያዎች በአብዛኛው በመካኒክ ኃይል የሚጨምቁ ናቸው፣ ዘይቱን እስከ 1.5 አያወርዱትም። ስለዚህ ከመርከብ ድርጅቱ ጋር ስትነጋገሩ ከመጀመሪያው ተናገሩ። ደብቆ መጫን ጅቡቲ ላይ ከተደረሰበት ጭነቱ ይመለሳል፣ ካልተደረሰበት ደግሞ ከዚያ የባሰ ሊመጣ ይችላል።

ሰባተኛ፦ ሒሳቡን ከፊርማ በፊት ሥሩ

ቀረጡን የሚከፍለው አስመጪው ነው። "ታዲያ እኔን ምን አገባኝ?" ትሉ ይሆናል። ገዢው ቀረጡን ከእናንተ ዋጋ ላይ ቀንሶ ነው የሚደራደረው። ስለዚህ ያገባችኋል።

ለምሳሌ ያህል እንበል፦ 20 ቶን ፋጉሎ፣ ጅቡቲ ወደብ መርከብ ላይ በቶን 250 ዶላር። 5,000 ዶላር። ማጓጓዣና መድን 1,000። ዱባይ ሲደርስ 6,000። ቀረጡ የሚሰላው በዚህ በደረሰበት ዋጋ ላይ ነው፣ 5 ከመቶ ከተጣለበት 300 ዶላር። በቶን 15 ዶላር። አሁን ከመጭመቂያው እስከ ጅቡቲ ያለውን የጭነት መኪና ኪራይ አስሉት። ከቀረጡ ብዙ እጥፍ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ርካሽና ከባድ ዕቃ እንዲህ ነው። የቡና ገለፈት ደግሞ ቀላል ስለሆነ ኮንቴይነሩ ክብደቱ ሳይሞላ በቦታ ይሞላል፣ ያው ኪራይ ለጥቂት ቶን ይከፈላል። ስለዚህ ጠቅጥቃችሁ አሽጉት።

አሜሪካ ግን ቀረጥ የምታሰላው ማጓጓዣውን ሳትጨምር ነው። ሒሳቡን ከአገር አገር አትገልብጡ።

ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ አስገቡ፦ ከተፈራረምን በኋላ የተቀባዩ አገር ታሪፍ ቢቀየር ልዩነቱን ማን ይሸፍናል? ምን ያህል ሊቀየር እንደሚችል ለማወቅ፣ ቻይና በመጋቢት 2025 በካናዳ የካኖላ (የጎመን ዘር ዓይነት) ፋጉሎ ላይ 100 ከመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ጣለች። ካናዳ በቻይና የኤሌክትሪክ መኪና ላይ ለጣለችው ቀረጥ ምላሽ ነበር። ስለ መኪና ተጣልተው ፋጉሎ ተመታ። በጥር 2017 ደግሞ ቻይና የአሜሪካ ኢታኖል ፋብሪካዎች ተረፈ ምርት ላይ ከ42.2 እስከ 53.7 ከመቶ የሚደርስ የፀረ ዳምፒንግ ቀረጥ (ዕቃው ከሚገባው በታች በርካሽ ይሸጣል ተብሎ የሚጣል) ጥላ ነበር። እነዚህን መርከቡ ባሕር ላይ እያለ መስማት ምን እንደሚመስል አስቡት።

ዘመዴ ናሙናውን ላቦራቶሪ ሰጠ። ከሳምንት በኋላ ወረቀቱን ይዞ መጣ። እርጥበት 8፣ ደህና ነው። አፍላቶክሲኑ ከጣሪያው በታች ነው። ዘይት ላይ ስንደርስ 11 ከመቶ ይላል። ከ10 በላይ ስለሆነ መርከብ ላይ ያስቸግረዋል አልኩት። እሱ ግን መርከቡን ረስቶት ነበር። ወረቀቱን አገላብጦ አየውና "ስማኝማ፣ ይሄ ሁሉ ዘይት ፋጉሎው ውስጥ ሲሄድብኝ ነው የከረመው?" አለ። ዱባይን ለጊዜው ትቶ የማሽኑን ጥርስ የሚቀይርለት ሰው ሊፈልግ ወጣ።